ስለ ታሞክሲፈን ኪኒን፤ የሚያስከትለው ሁከትና አያያዙ

አንዲት መምህርት የጡት ነቀርሳ፣ ማለት ካንሰር፣ ይዟት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት እንበል። ከዚያም በደም ሥር የሚሰጠውን መድኀኒት እስከ መጨረሻው ተቀብላ፣ የረገፈው ጠጕሯ ዳግመኛ በቅሎ፣ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ሐኪሙም ሲያሰናብታት በየቀኑ አንዲት ትንሽ ኪኒን እንድትውጥ አዘዘላት፤ ዘመኑም ቢያንስ አምስት ዓመት መሆኑን ነገራት። ሦስተኛው ወር ሲገባ፣ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ ስታስተምር፣ እሳት የመሰለ ሙቀት ከደረቷ ተነሥቶ በአንገቷ በኩል ወደ ፊቷ ወጣ፤ ግንባሯ በላብ ተጠመቀ፤ ተማሪዎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ይኸው ነገር በቀን አራት አምስት ጊዜ ይመላለስባት ጀመር። ሌሊትም ከእንቅልፏ እየባነነች የራሰውን የሌሊት ልብሷን መለወጥ ግድ ሆነባት። በመጨረሻም ለባሏም፣ ለእኅቷም፣ ለሐኪሙም ሳትናገር ኪኒኑን ተወችው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሙቀቱ ሲቀንስላት «እንግዲህ ሕመሙ ከላዬ ወጥቷል፤ ስለ ምን በከንቱ እቃጠላለሁ?» ብላ የቀረውን መድኀኒት ከቁም ሣጥኗ ውስጥ ከልብስ በታች አኖረችው።

ይህችን መምህርት ለምሳሌ ያህል አመጣናት እንጂ በስም የምትታወቅ ሰው አይደለችም። ነገር ግን በእርሷ መንገድ የሚሄዱት ሴቶች በአገራችንም በሌላም አገር ብዙዎች ናቸው። ነገሩን አስጊ የሚያደርገው ጸጥታው ነው። የወባ መድኀኒት ያቋረጠ ሰው ቢኖር ትኩሳቱ ተመልሶ ይነግረዋል፤ ታሞክሲፈንን ያቋረጠች ሴት ግን የሚያስጠነቅቃት ምንም ምልክት የለም፤ እንዲያውም ደኅንነት ይሰማታል። በዐይን የማይታይ የነቀርሳ ዘር በሰውነቷ ውስጥ ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ከሁለት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ በአጥንቷ፣ በሳንባዋ ወይም በጉበቷ ላይ ብቅ ሲል ነው ነገሩ የሚታወቃት። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን መድኀኒቱ የሚያመጣውን ሁከት እያነሣን፣ የትኛው በቤት ውስጥ ሊቃለል እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳይታደር ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ እንደ ሆነ ለመግለጽ አስበናል። መምህራንን በተለይ የምናሳስብበት ምክንያት፣ የሰፈሩ ሰው የመድኀኒት ወረቀት አንብቡልኝ ብሎ የሚመጣው ወደ እነርሱ ስለ ሆነ ነው።

አስቀድመን ስለ መድኀኒቱ ጥቂት እንናገር፤ ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ታሞክሲፈን የተገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1962 ዶራ ሪቻርድሰን የተባለች የኬሚስትሪ ሊቅ አይ ሲ አይ በሚባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስትሠራው ይፈለግ የነበረው የነቀርሳ መድኀኒት ሳይሆን እርግዝናን የሚከለክል ኪኒን ነበር። ለዚያ ጕዳይ ከቶ አልሆነም፤ እንዲያውም በሴቶች ላይ እንቍላል እንዲወጣ የሚያነሣሣ ሆኖ ተገኘ። (ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።) በማንቸስተር ከተማ በክሪስቲ ሆስፒታል ግን የጡት ነቀርሳ ለተስፋፋባቸው ሴቶች ሰጥተው ሞከሩትና ውጤቱ በ1971 ታተመ። በአሜሪካም በ1977 ተፈቀደ። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት ለየአገሩ አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው መድኀኒቶች አንዱ ነው። የተለመደው መጠን በቀን 20 ሚሊግራም ነው። በወንዶች ላይ የሚደርሰውም የጡት ነቀርሳ፣ ምንም እንኳ ጥቂት ቢሆን፣ በዚሁ ኪኒን ይታከማል።

አሠራሩን ለመረዳት የበርን ቍልፍና የቍልፉን ቀዳዳ ማሰብ ይበቃል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴትነት ሆርሞን በደም ውስጥ ይዞራል። ብዙዎቹ የጡት ዕጢዎች ለዚህ ሆርሞን ልክ የሆነ ቀዳዳ አላቸው፤ ሐኪሞች ተቀባይ ይሉታል። ሆርሞኑ እንደ ቍልፍ በዚያ ገብቶ ሲዞር ዕጢው «እደግ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ታሞክሲፈን በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ይቀመጣል፤ ነገር ግን አይዞርም፤ እውነተኛው ቍልፍ ሲመጣ ቦታውን ተይዞ ያገኘዋል። ያገኘውን ሁሉ እንደሚመታ መድኀኒት ሳይሆን አንዱን ነገር ለይቶ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ዒላማ ያላቸው ከሚባሉት የጡት ነቀርሳ መድኀኒቶች የመጀመሪያው ነው የሚሉት ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ቀዳዳው የሌለበት ዕጢ ከኪኒኑ ጥቅም አያገኝም፤ ስለዚህ ከዕጢው የተቈረጠው ሥጋ በላቦራቶሪ መመርመር ያሻዋል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከ100 ዕጢዎች 65 ያህሉ ይህ ተቀባይ ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ከሦስት ሴቶች ሁለቱን የሚመለከት ጕዳይ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያው ቀዳዳ በጡት ብቻ ተወስኖ አይኖርም፤ በአንጎል፣ በማሕፀን፣ በአጥንትም ይገኛል። ኪኒኑ በአንጎል ውስጥ የሆርሞኑን ሥራ ሲያግድ የሰውነትን ሙቀት የሚቈጣጠረው ክፍል ይታወካል። በማሕፀን ግን ነገሩ ይገለበጥና ኪኒኑ ራሱ እንደ ሆርሞኑ ሆኖ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ሊያወፍር ይችላል። ባረጡ ሴቶች አጥንት ላይም እንዲሁ እንደ ሆርሞኑ ስለሚሠራ አጥንታቸውን ይጠብቅላቸዋል፤ ይህ እንኳ ጥቅም ነው። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው፣ ሙቀት የወጣባት ሴት «መድኀኒቱ አልተስማማኝም፤ ሰውነቴ እንደ መርዝ ተፋው» ብላ እንዳትደመድም ነው። ሁከቱ ያው የመድኀኒቱ ሥራ በሌላ ቤት ሲሠራ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ጥቅሙንም በቍጥር እንመልከተው። ተቀባይ ያለበት ዕጢ በነበራቸው ሴቶች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች በአንድነት ተሰብስበው በ2011 ሲታተሙ፣ አምስት ዓመት ያህል ታሞክሲፈን በወሰዱት ዘንድ በጡት ነቀርሳ መሞት ካልወሰዱት ይልቅ በሢሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ፤ ጥቅሙም ኪኒኑ ካለቀ በኋላ እስከ ዐሥራ አምስተኛው ዓመት ድረስ ዘለቀ። በ2012 የታተመው አትላስ የተባለው ጥናት ደግሞ አምስቱን ዓመት የፈጸሙትን ሴቶች በሁለት ከፍሎ ግማሾቹን እስከ ዐሥር ዓመት አስቀጠላቸው። ከአምስተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ዓመት ባለው ጊዜ፣ ካቆሙት ከ100 ሴቶች 15፣ ከቀጠሉት ከ100 ሴቶች 12 ያህል በጡት ነቀርሳ እንደሚሞቱ ተሰላ። በአንጻሩ የማሕፀን ነቀርሳ የሚደርስባቸው ካቆሙት ከ100 ሁለት የማይሞሉ፣ ከቀጠሉት 3 ያህል ናቸው፤ በዚሁ በማሕፀን ነቀርሳ የሚሞቱት ካቆሙት ከ1000 ሴቶች 2፣ ከቀጠሉት 4 ሆኑ። ሒሳብ የምታስተምሩ መምህራን ሁለቱን መቀነሶች ጐን ለጐን ብትጽፏቸው ከ1000 ሴቶች 30 ያህል የሚተርፉበትና 2 የሚጐድሉበት ስሌት ይወጣላችኋል። ለአንዲት ሴት አምስት ዓመት ይበቃታል ወይስ ዐሥር ያስፈልጋታል የሚለውን ግን የሚወስነው ሕመሟን የመረመረው ሐኪም ነው።

እንግዲህ ወደ ሁከቶቹ እንምጣ። ከሁሉ የሚበዛውና ሴቶችን የሚያማርረው ድንገተኛው ሙቀት ነው። በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበረታና እየቈየ ይቀዘቅዛል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ይሰነብታል። እኛ የምንመክረው የመጀመሪያው ነገር አንዲት ትንሽ ደብተር መያዝን ነው። ሙቀቱ በመጣ ቍጥር ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የተበላውንና የተጠጣውን፣ የነበሩበትንም ስፍራ መጻፍ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ከተጻፈ በኋላ መነሻው ብዙ ጊዜ ራሱን ይገልጣል። ለአንዷ ትኩስ ቡና ነው፤ ለሌላዋ ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ የበዛበት ወጥ፤ ለሦስተኛዋ ጠጅና አረቄ፤ ለአራተኛዋ መስኮቱ የተዘጋ የስብሰባ አዳራሽ ወይም ረፋዱን ሙሉ ከምጣድ አጠገብ መቆም ነው። ቡና ተዉ ብለን በአገራችን ሴት ላይ ይህን ያህል አንጨክንም፤ ነገር ግን አቦሉን በረድ ሲል ጠጥታ ቶናውንና በረካውን ብታልፍ የሚቀንስላት እንደ ሆነ ደብተሩ ይመሰክርላታል።

በአለባበስም በኩል አንድ ወፍራም ሹራብ ከመልበስ ሁለት ስስ ልብስ ደርቦ ሙቀቱ ሲመጣ የላይኛውን ማውለቅ ይሻላል፤ ነጠላ ለዚህ የተመቸ ነው። ከገላ ጋር የሚገናኘው ልብስ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ላብን አይጠጣም። ለመኝታም አንድ ከባድ ብርድ ልብስ ሳይሆን ሁለት ቀለል ያሉ መደራረብ፣ በራስጌም ፎጣና ቀዝቃዛ ውሃ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሙቀቱ መነሣቱ ሲሰማ ትንፋሽን ከሆድ ጀምሮ በዝግታ መሳብና በዝግታ መልቀቅ፣ ይህንም ጥቂት ደቂቃ መደጋገም የረዳቸው ሴቶች አሉ፤ በክፍል ውስጥም ተማሪ ሳያውቅ ሊደረግ ይችላል። ኪኒኑ ማለዳ ተውጦ የሚያስቸግር ከሆነ ወደ ማታ፣ ማታም ተውጦ እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ወደ ማለዳ ማዛወር ይፈቀዳል፤ ብቻ የተመረጠው ሰዓት በየቀኑ አንድ ይሁን። የማቅለሽለሽ ስሜት ያለባትም ከምግብ በኋላ ብትውጠው ይቀልላታል።

አንዳንድ ሴቶች ኪኒኑን በምላጭ ለሁለት ከፍለው ግማሹን መዋጥ ይጀምራሉ። በኢጣሊያ አገር ተደርጎ በ2019 የታተመ ጥናት በቀን 5 ሚሊግራም ብቻ መስጠት እንደሚጠቅም አሳይቷል፤ ይህ ወሬ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ግን ዋናው ነገር ይወድቃል። ጥናቱ የተደረገው ነቀርሳቸው ገና ከቦታው አልፎ ወደ ጎረቤቱ ሥጋ ባልገባ ሴቶች ላይ ነው። ነቀርሳው አልፎ ለተገኘባት ሴት መጠኑን ያለ ሐኪም ፈቃድ መቀነስ አይገባትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሙቀቱ እንቅልፍና ሥራ የሚከለክል ከሆነ ሐኪሙ የሚያዛቸው መድኀኒቶች አሉ፤ ቬንላፋክሲንና ጋባፔንቲን ከነዚህ ናቸው። እዚህ ላይ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታሞክሲፈን ዋና ኀይሉን የሚያገኘው በጉበት ውስጥ ወደ ሌላ ቅመም ሲለወጥ ነው። ለመንፈስ ጭንቀት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ይህን ለውጥ ያግዱታል። ስለዚህ በሐዘን ወይም በጭንቀት ምክንያት ወደ ሌላ ሐኪም የሄደች ሴት «ታሞክሲፈን እወስዳለሁ» ብላ መናገር አለባት፤ የማይጋጭ ሌላ መድኀኒት አለና። ለሳንባ ነቀርሳ፣ ማለት ለቲቢ፣ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ታሞክሲፈንን በደም ውስጥ እጅግ ያሳንሰዋል። በልብ ሕመም ምክንያት ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ብትኖር፣ ታሞክሲፈን የዋርፋሪንን ኀይል ስለሚጨምር ደም መፍሰስ ሊያመጣባት ይችላል። ስሙ ተመሳሳይ ስለ ሆነ አንባቢ እንዳይሳሳት የጡት ነቀርሳና የሳንባ ነቀርሳ ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን በዚሁ እናስታውሳለን። ሥራ ሥርና ቅጠል የምትጠጣም ብትሆን ምን እንደ ሆነ ለሐኪሟ ትንገረው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ቀጥሎ ሴቶች ለመናገር የሚያፍሩበትን ነገር እናነሣለን። ታሞክሲፈን ነጭ ወይም ውሃ መሳይ የብልት ፈሳሽ ያመጣል፤ በሌሎች ላይ ደግሞ ድርቀት ያስከትላል። ፈሳሹ ሽታና ማሳከክ የሌለው እንደ ሆነ በሽታ አይደለም። ንጽሕናውም ቀላል ነው፤ በስተውጭ ያለውን ክፍል ብቻ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ማድረቅ፣ የጥጥ የውስጥ ልብስ መልበስና በየቀኑ መለወጥ፣ የታጠበውንም ልብስ ሰው እንዳያየው ብሎ በጨለማ ጓዳ ከማስጣት ይልቅ በፀሐይ ማድረቅ ነው። ብዙዎች ንጽሕና የጠበቁ መስሏቸው ሳሙና፣ ሎሚ ወይም መድኀኒት ያለበት ውሃ ወደ ውስጥ እያስገቡ ይታጠባሉ፤ ይህ ተፈጥሮ የሰጠውን መከላከያ ያጥባል እንጂ አይረዳም። ፈሳሹ ከሸተተ፣ ከተቈራ ወተት የሚመስል ከሆነ ወይም ካሳከከ መመርመር ያሻል። ለድርቀቱ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ከመድኀኒት ቤት ይገኛል፤ ኤስትሮጅን ያለበት ቅባት ግን ያለ ሐኪሙ ዕውቀት አይገዛ። ባልና ሚስትም በዚህ ነገር ቢነጋገሩ መልካም ነው፤ ብዙ ባሎች የሚስታቸውን መራቅ በሌላ ይተረጕሙታል።

ገና ባላረጡ ሴቶች የወር አበባ ይዛባል፤ በአንዳንዶቹ ላይም ጭራሽ ይቀራል። የወር አበባ ቀረ ማለት ግን እርግዝና አይኖርም ማለት አይደለም። አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን ያልነው ነገር ይህ ነው፤ መድኀኒቱ እንቍላል እንዲወጣ ያነሣሣል፤ ለፅንስ ደግሞ ጐጂ ነው። በአገራችን የተለመደው በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌና በክንድ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ሁለቱም በሆርሞን የተሠሩ ስለ ሆኑ የጡት ነቀርሳ ላለባት ሴት አይሰጡም። ለእርሷ የሚስማማት መዳብ የተጠመጠመበት ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ወጣት ሴት ተስፋ አትቍረጥ፤ ነገር ግን ኪኒኑን መቼ እንደምታቋርጥና ስንት ወር እንደምትቈይ አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትወስን።

እስከዚህ የዘረዘርነው የሚታገሡትና የሚቃለለው ነው። ከዚህ በታች የምንገልጻቸው ግን ጥቂት ሴቶችን ብቻ የሚያገኙ ሆነው ሳለ መዘግየትን የማይወዱ ናቸው። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት፣ ደሙ አንድ ጠብታም ቢሆን፣ ቀለሙም ቡና መስሎ ቢታይ፣ በዚያው ሳምንት የማሕፀን ሐኪም ዘንድ ትቅረብ። ገና ያላረጠችም ብትሆን ከልማዷ ውጭ በዝቶ ወይም በሁለት ወር አበባ መካከል ከፈሰሰባት እንዲሁ ታድርግ። ከዚህ ቀደም ያነሣነው የማሕፀን ነቀርሳ አስቀድሞ ራሱን የሚያስታውቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምልክት ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበትም የሚድን ነው። «ዕድሜዬ ተመለሰ» ብለው የሳቁበት እናቶች አሉ፤ ይህ የሚያስቅ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የደም መርጋት ነው። ታሞክሲፈን በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱን ዕድል ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። ሁለቱም እግር ማታ ማታ የሚያብጥ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ እግር ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ግን ማሸትም ወጌሻ መጥራትም አይገባም፤ የታሸ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና። በድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረትን ከወጋ ወይም ደም ያለበት አክታ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ በአውቶቡስ የምትጓዝ ሴት፣ አውቶቡሱ በቆመ ቍጥር ወርዳ ጥቂት ትራመድ፤ በመንገድ ላይ መሽናት ያስቸግረኛል ብላም ውሃ መጠጣቷን አትተው። ቀዶ ሕክምና የሚደረግላት እንደ ሆነ ኪኒኑን እንደምትወስድ አስቀድማ ትናገር፤ ሐኪሙ ለጊዜው ሊያስቆመው ይችላልና።

የዐይን መደብዘዝ ከመጣ ሞራ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። የዐይን ነጭ ክፍል ቢጫ ቢሆን፣ ሽንትም እንደ ጥቁር ሻይ ቢጠቍር ጉበት ይመርመር። የእግር መሸማቀቅ፣ የመገጣጠሚያ ቍርጥማት፣ የስሜት መለዋወጥ ይመጣሉ፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ለእነዚህ ለሁሉም ይረዳል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ታሞክሲፈን ፈጽሞ የማይቻላት ሴት ብትኖር፣ በተለይ ካረጠች፣ ሐኪሙ አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል ወደሚባል ሌላ ኪኒን ሊያዛውራት ይችላል። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ መምህርቷ እንመለስ። ከሁለት ወር በኋላ ቀጠሮዋ ደርሶ ፈራ ተባ እያለች ወደ ሆስፒታሉ ብትሄድ፣ በሩ ላይ የምታገኛት ወጣት ነርስ እንዲህ ብትላት እንወዳለን።

«እትዬ፣ ምነው ጠፉብን?»

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ኪኒኑን ከተውሁት ሁለት ወር ሆነኝ። ትቈጪኛለሽ ብዬ ነው የቀረሁት።»

«ለምን እቈጣለሁ? ይልቅስ ምን አስቸግሮዎት ነው የተዉት? ሙቀቱ ነው?»

«ሙቀቱንስ እችለዋለሁ፤ በልጆቹ ፊት እንዲያ መሆኔ ነው ያሳፈረኝ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል በሐኪሙ መዝገብ ላይ አትገኝም ነበር። ያልተጠየቀች ሴት «ደኅና ነኝ» ብላ ትሄዳለችና። በደቡብ ኢትዮጵያ ተደርጎ በ2022 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል፤ የሠለጠኑ ነርሶች እየተከታተሉ የመከሯቸው ሴቶች ኪኒኑን ከሌሎቹ ይልቅ አጽንተው ሲወስዱ ተገኝተዋል። በየትምህርት ቤቱም ከእንዲህ ያለ ሕመም የተመለሰች ባልደረባ ብትኖር፣ ርእሰ መምህሩ መስኮት ያለውን ክፍል ቢሰጣት፣ በክፍለ ጊዜ መካከል ለአምስት ደቂቃ ብትወጣም ባይጠይቃት ምንም ወጪ አይጠይቅም።

መምህርቷ ሐኪሙን አነጋግራ ኪኒኑን በድጋሚ ጀመረች እንበል። ያለፉትን ቀኖች ለመተካት ሁለት ሁለት እየዋጠች ማካካስ አይገባትም። ወደ ፊትም አንድ ቀን ብትረሳ ባስታወሰችበት ሰዓት ትዋጠው፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ትታ የዕለቱን ብቻ ትውሰድ። ጾም የምትጾም ከሆነች ኪኒኑ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚወሰድ ሰዓቱን ከማታው ምግብ በኋላ ብታደርገው ጾሟም አይነካ፣ መድኀኒቷም አይጓደል፤ በረመዳን የምትጾመውም ከማፍጠሪያ በኋላ እንዲሁ። ጸበል ለመጠመቅ ሁለትና ሦስት ሳምንት የምትሰነብትም ኪኒኑን በቦርሳዋ ይዛ ትሂድ፤ ጸበሉንና መድኀኒቱን አብረው እንዲወስዱ የሚመክሩ ካህናት ብዙዎች ናቸው።

የቀረው የማግኘቱ ነገር ነው። መድኀኒቱ ከመድኀኒት ቤት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመጨረሻው ኪኒን እስኪያልቅ መጠበቅ አይገባም፤ ዐሥራ አራት ሲቀሩ፣ ማለት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ማዘዣውን ይዞ መሄድ ነው። በአንዱ መድኀኒት ቤት ካልተገኘ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሶ ሌላ ቦታ ማስጠየቅ የሚቻለው ቀን ሲተርፍ ነው። እንደ ጎረቤት በርበሬ ከሌላ ሴት መበደርም ይቅር፤ የእርሷም ቍጥር ይጐድላልና። ኪኒኑ ከነማሸጊያው፣ ፀሐይና እርጥበት ከማያገኘው፣ የልጅ እጅም ከማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ዐሥራ አራተኛውም ኪኒን በየትኛው ቀን ላይ እንደሚውል፣ የሙቀቱ ሰዓት በተጻፈበት በዚያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።